ማን ልበል?

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ላይ ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሚኒሶታ ሄጄ ነበር። እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮበታል፤ እኔ ግን አገሩን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎኝ ቤቱ እንደደረስን፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳያወርድ፣ «ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ጋራዥ አስገባኝ። ጋራዥ ስል መኪና የሚጠገንበትን እንዳይመስላችሁ። እዚያ አገር ጋራዥ የሚሉት ከቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራውን የመኪና ማደሪያ ነው። ከመኪናው ጎን ብርድ ልብስ የለበሰ ነገር ቆሟል። የተኛ ሕፃን እንደሚገልጥ ሰው ቀስ ብሎ ገለጠው። ሞተር ሳይክል ነው።

«አምስት ወር ልትተኛ ነው» አለኝ። «ነገ ቻርጀር እንገዛላታለን።»

እኔ ደግሞ ሽሮና በርበሬ ተሸክሜ ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩ ሰው፣ የመጀመሪያው ወሬያችን ስለ እናታችን ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የሆነ ሆኖ አገሩን ያየህ አገሬውን ምሰል ነውና ስለ ሞተሯ ጠየቅኩ።

እዚህ ላይ የቀድሞው የመምህርነት አመሌ ይነሣብኛል፤ ታገሡኝ። እኛ ክረምት የምንለው ዝናቡን ነው። እነሱ ዊንተር የሚሉት በረዶውን ነው። የእነሱ ዊንተር የሚውለው ደግሞ እኛ በጋ በምንለው ጊዜ ላይ ነው። መዝገበ ቃላቱ ግን ሁለቱን አጋብቷቸው፣ ልጆቻችን ዊንተር ማለት ክረምት ማለት ነው ብለው ሸምድደው ያድጋሉ። የሚኒሶታን «ክረምት» ዣንጥላ አይመልሰውም። ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢወርድ ብርቅ አይደለም። መንገዱ ላይ በረዶ የሚያሟሟ ጨው ይበተናል፤ ጨዉ ብረት ይበላል። ስለዚህ ሞተር ያለው ሰው ኅዳር ላይ ያስተኛታል፣ መጋቢት ሲጋመስ ወይም ሚያዝያ ላይ ይቀሰቅሳታል።

ሚኒሶታና ሞተር ሳይክል አንድ ላይ ሲነሡ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ሮበርት ፒርሲግ ሚኒያፖሊስ የተወለደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የ11 ዓመት ልጁን ከኋላው አፈናጦ ከሚኒሶታ እስከ ካሊፎርኒያ በሞተር ተጓዘ። ከዚያ ጉዞ «ዜን ኤንድ ዘ አርት ኦቭ ሞተርሳይክል ሜንተናንስ» የተባለው መጽሐፉ ተወለደ፤ 121 አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ሞተሩን በገዛ እጁ የሚንከባከብና መንዳቱን እየወደደ የብሎን ነገር ሲነሣበት ጆሮውን የሚደፍን። ይህን መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አንስቼዋለሁ። ስለ እንክብካቤ ስናገር ተማሪዎቼ ማስታወሻ ይይዙ ነበር። በዕድሜዬ ግን አንድ ባትሪ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ወንድሜ ደግሞ መጽሐፉን አላነበበውም።

«ለመሆኑ ቻርጀር ለምን አስፈለጋት? ዝም ብለህ አታቆማትም?» አልኩት።

«ባለፈው ዓመት ዝም ብዬ አቁሜያት ነበራ!»

ከዚያ አስረዳኝ። ባትሪ ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ ይበላል። በዚያ ላይ የሞተሯ ሰዓትና የሌባ ማስጠንቀቂያዋ ቀስ እያሉ ይጠጡታል። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.7 አካባቢ ያሳያል። 12.4 ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ሄዷል። ወደ 12 ሲወርድ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ከቁጥር አንጻር የሙሉውና የባዶው ልዩነት ከአንድ ቮልት አይበልጥም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚዘናጋው። ባትሪው ጎድሎ ሲቀመጥ ውስጡ ባለው እርሳስ ላይ ሰልፌት ይጋገራል። ቶሎ ከደረሱለት ይሟሟል፤ ከቆየ ግን ይደድርና ከዚያ በኋላ ብትሞላውም አይዝም።

«ብርዱ አይደለም የሚገድለው» አለኝ። «ሙሉ ባትሪ ይህን የሚኒሶታ ብርድ ይችለዋል፤ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ በረዶ አይሆንም። ያለቀው ግን ከዜሮ በታች 10 ገደማ ላይ ውስጡ በረዶ ሆኖ ቀፎው ሊሰነጠቅ ይችላል። ብርዱ አንድ ነው፤ ባትሪው ነው የሚለያየው።»

የባለፈው ዓመቱ ባትሪ ታሪክ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ አቆማት፣ መጋቢት ላይ ትዝ አለችው። ከጓደኛው ቻርጀር ተውሶ ሰካላት። መብራቱ አልበራም። ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብሎ ለባለቤቱ ሊመልስ ሲሄድ ጓደኛው ሣቀበት። እነዚህ ዘመናዊ ቻርጀሮች ከመሙላታቸው በፊት ባትሪ መኖሩን ይፈትሻሉ፤ ማነህ ብለው ይጠይቃሉ እንደ ማለት ነው። ባትሪው ከልክ በላይ ካለቀ መልስ አይሰጥም። ቻርጀሩም ምንም እንዳልተሰካበት ቆጥሮ ዝም ይላል።

«አላወቀውም ማለት ነው» አለኝ ወንድሜ።

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

«ደህና ባትሪ ከጎኑ አምጥቼ በገመድ አያያዝኳቸው። ያኔ ቻርጀሩ አወቀው። ግን ረፍዶ ነበር። መቶ ዶላር ገደማ አውጥቼ አዲስ ገዛሁ።»

በማግስቱ አርብ መለዋወጫ መደብር ሄድን። አንድ ሙሉ መደርደሪያ ቻርጀር ብቻ ነው። እኔ የአገሬ ልጅ፣ ዓይኔ ያረፈው ትልቁ ሣጥን ላይ ነው። 10 አምፔር ይላል። «ይሄ ነዋ! በአንድ ሰዓት ጥግብ ያደርጋታል» አልኩት።

«ይሄ የመኪና ነው ወንድም ጋሼ» አለኝ። «የእኔ ባትሪ 12 አምፔር-ሰዓት ነው። ለእንደዚህ ያለው የሚሰጠው የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ፣ አንድ አምፔር ነው። በዚህ ከመጣህበት ይሞቃል፣ ያብጣል። ትንሽ ባትሪ በአንዴ ብዙ አትሰጠውም።»

ዝቅ ብዬ ከሁሉ የሚረክሰውን አነሣሁ። አንድ አምፔር የሚል ተጽፎበታል። «ይሄስ? ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው።»

«ይሄ ደግሞ መስጠት እንጂ ማቆም አያውቅም። ሞልቶም ይገፋበታል። እስከ ሚያዝያ ውስጡን ያደርቀዋል፤ የእኔ ባትሪ ክዳኑ የማይከፈት ነው፤ ውሃ ጨምሬ አልመልሰውም።»

የፈለገው ሦስተኛውን ነበር። ከሲጋራ ፓኮ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው። መጀመሪያ እስከ 14 ቮልት ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ ራሱ ወደ 13 ቮልት ተኩል አካባቢ ዝቅ ይልና ይጠብቃል። ባትሪው ጠብ ሲልበት ጠብ ያደርግለታል፤ ሲበቃው ይተወዋል። ወሩን ሙሉ፣ አምስቱንም ወር ተሰክቶ ቢቀመጥ አይጎዳውም። አሜሪካኖቹ ባትሪ ቴንደር ይሉታል። የአንድ ኩባንያ ምርት ስም ነው፤ ግን እኛ የዱቄት ሳሙናውን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው፣ እነሱም የማንንም ሥራ በዚያው ስም ይጠሩታል። ቴንደር ማለት ተንከባካቢ ነው። እኔ ሞግዚት ብዬ ተረጎምኩት።

ከመክፈሉ በፊት ስልኩን አውጥቶ የባትሪውን ጽሑፍ ያነሣበትን ፎቶ ተመለከተ። ባትሪው ኤ.ጂ.ኤም. የሚባለው ዓይነት ነው፤ አሲዱ እንደ ውሃ የማይፈስ፣ በመስታወት ክር ምንጣፍ የተመጠጠ። ቻርጀሩ ለዚያ እንደሚሆን ካረጋገጠ በኋላ፣ «ሊቲየም ቢሆን ለሊቲየም የተሠራውን ነበር የምገዛው» አለኝ። «እሱ ደግሞ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ አይደረግም። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው።» አርባ ዶላር ያህል ከፍሎ ወጣን።

ቤት ገብተን ባትሪውን ለካ፤ 12.5 አለ። ሁለቱን ገመዶች በብሎን አሰራቸው፤ ቀዩን ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጌቲቭ፣ በቀዩ መሐል ፊውዝ አለ። ሶኬቱ ላይ ሰካው። ቀይ መብራት በራ።

«አወቃት» አለ፤ ፊቱ ሁሉ ሣቀ።

እኔ ቆሜ ሳየው የአገር ቤቱ ትዝ አለኝ። በእኛ ሰፈር ባትሪ የሚታወሰው የሞተ ዕለት ነው። ጠዋት መኪናው እምቢ ሲል ባለቤቱ ብቅ ይላል፤ ዘበኛው፣ ጎረቤቱ፣ ሊስትሮው፣ መንገደኛው ተጠርቶ ይገፋል። ግፋ! ግፋ! ሲነሣ ሁሉም ያጨበጭባል። በዚህ አንታማም፤ ለመግፋት የሚሆን ጉልበትና ፍቅር አለን። ሰው ሲሞትም እንደዚሁ ነው። ድንኳኑ ሞልቶ ይፈስሳል። የሞተው ሰው ታምሞ ስድስት ወር ሲተኛ ያልመጣው ሁሉ ሦስት ቀን አጠገባችሁ ያድራል። እኔም ከአዳሪዎቹ አንዱ ነኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ማታ ወደ እናታችን ደወልን። እናታችን 86 ዓመቷ ነው። ደብረ ብርሃን ከእህታችን ጋር ትኖራለች። ሚኒሶታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደብረ ብርሃን ላይ የእሑድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ቅዳሴ ሳትሄድ እናግኛት ብለን ነው።

ወንድሜን እንድታዝኑበት አልፈልግም። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ዶላር ይልካል፤ ደህና አድርጎ ነው የሚልከው። ቤቷን ያሳደሰላት፣ የዓይን ሕክምናዋን የከፈለላት እሱ ነው። የሚደውለውም ያኔ ነው፤ «ደረሰሽ?» ሊላት። መጥቶ ያያት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሌሊት እየሠራ ቀን ይተኛል፤ እሱ ሲነቃ እዚህ ይመሻል።

ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እናታችን ራሷ አነሣችው።

«አቤት?»

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እኮ እማዬ።»

«እኔ ማን?»

ወንድሜ ስሙን ተናገረ። ድምፁ ግን ወደ መጨረሻው ላይ ሰለለበት፤ ጆሮዋም እንደ ድሮው አይደለም። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብላ እህታችንን ስትጠራ ሰማናት፤ «ነይ እስቲ፣ አንድ ሰውዬ ነው።»

አንድ ሰውዬ። በቁልምጫ ማሙሽ ብላ ያሳደገችው የመጨረሻ ልጇ።

ወንድሜ ተነሥቶ ወደ ጋራዡ ሄደ። እኔ ስልኩን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ዝም አለች። ወዲያው የእህቴ ድምፅ ከኋላ መጣ፤ «ትልቁ ነው እማዬ፣ ትልቁ ልጅሽ!» እናቴም፣ «አንተ ነህ እንዴ የኔ ጌታ! አሜሪካ ገባህ?» አለችኝ። እኔም ጮክ ብዬ፣ እየሣቅኩ፣ «አዎ እማዬ! ገባሁ!» አልኩ።

ስንሰነባበት ወደ ጋራዡ ወረድኩ። ወንድሜ ትንሽዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቻርጀሩን ያያል። ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው በርቷል።

«አንተን ግን አወቀችህ» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«በየስንት ጊዜው ነው የምትደውልላት?»

«አልፎ አልፎ» አልኩት።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ዝምታ ነው። አልነገርኩትም። እኔንም እንዳላወቀችኝ፣ እህታችን ባትነግራት እኔም «አንድ ሰውዬ» እንደነበርኩ አልነገርኩትም። ታላቅነቴ አስጨነቀኝ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪና ይዞ በጠዋት የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። እኔ የምሄደው ለበዓል ነው፤ በግ አስጭኜ፣ ጫማና ነጠላ ይዤ፣ አንድ ቀን አድሬ፣ ተመርቄ እመለሳለሁ። በመሐሉ ለእህቴ እደውልና «እማዬ እንዴት ናት?» እላለሁ። «ደህና ናት» ትለኛለች። በቃ። ለካ እኔ ስለ እናቴ እጠይቃለሁ እንጂ እናቴን አልጠይቅም። ወንድሜ ውቅያኖስ አለው፤ ቢያንስ ሰበብ ይሆነዋል። እኔ ያለኝ የጣርማበር መንገድ እንኳ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ነው።

ወንድሜ ከዚያች ማታ ጀምሮ በየቅዳሜው በዚያችው ሰዓት መደወል ጀመረ። መጀመሪያ እህታችን ናት የምታነሣው። «እማዬ፣ ማሙሽ ነው» ብላ ታያይዛቸዋለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። እዚያ በነበርኩባቸው ሳምንታት ከጎኑ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ወሬ የላቸውም። እሱ «ምን በላሽ?» ይላታል። እሷ «ብርዱ እንዴት ነው?» ትለዋለች። ደብረ ብርሃን ራሷ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ የሚጥልባት አገር ናትና፣ ብርድ ሲነሣ እናታችን ባለሙያ ነች። «ከእኛ ይብሳል?» ትላለች። «ይብሳል» ሲላት አታምነውም። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሰባት። አንዳንዴ ሦስት። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁለቱም በጣም አፍረው ነበር፤ ባዕድ ናቸዋ! አራተኛው ሳምንት ላይ እህታችን ስልኩን አንሥታ ስም ሳትጠራ በፊት፣ ከኋላ የእናታችን ድምፅ ተሰማ፤ «ማሙሽ ከሆነ በረዶው ጥሎ እንደሆነ ጠይቂው።»

በዚያ ሰሞን እኔ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ሚያዝያ ላይ ወንድሜ ደወለልኝ። ሞተሯን አውጥቶ ቁልፉን ቢያዞር በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣች። ያን ቅዳሜ ለእናታችንም ስልኩን ወደ ሞተሯ አስጠግቶ አሰማት። «ምንድን ነው የሚጮኸው? ወፍጮ ቤት ነህ እንዴ?» አለችው። ይህን ሲነግረኝ እስኪያስለው ነበር የሚሥቀው።

ሞተር ወይም መኪና ለረጅም ጊዜ አቁማችሁ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ወንድሜ ያስተማረኝን ልስጣችሁ። ትልቁን ሣጥን አትምረጡ። መጀመሪያ ባትሪው ምን ዓይነት እንደሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለሞተር ባትሪ አንድ አምፔር ይበቃል። ሲሞላ ራሱ ዝቅ የሚለውን፣ ሳይነቀል የሚቆየውን ግዙ። በወር አንድ ጊዜ መብራቱን እዩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳያልቅ ሰኩት፤ ካለቀ በኋላ ምርጡ ቻርጀርም አያውቀውም።

ስለ ራሴ ደግሞ ይኸውላችሁ። እኔም ከተመለስኩ ጀምሮ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዜናው ከመጀመሩ በፊት፣ ለእናቴ እደውላለሁ። ለእህቴ አይደለም፤ ለእናቴ። መጀመሪያ ሰሞን «ማን ልበል?» ትለኝ ነበር። ስሜን እናገራለሁ፤ ሳታፍር «አሃ» ትላለች። እኔ ግን አፍር ነበር፤ ይገባኛል። ለወንድሜ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ እንግዲህ ይህን ሲያነብ ይወቀው።

ባለፈው ሐሙስ ስብሰባ ይዞኝ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ደወልኩ። ገና አንድ ጊዜ እንደጠራ አነሣችው። ማን ልበል አላለችኝም።

«ዛሬ ዘገየህ» አለችኝ።